አንድ መደብ ሥዕል ስንት ያወጣል?

አርቦዬ፦ አክስቴ የጉሊት ነጋዴ ናቸው። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ በመደብ በመደብ አድርገው መሸጥ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። በአርሲ ዞን የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአርቦዬ፣ እንደ ሌላው የአርሲ ደጋ ሁሉ፣ ወሬውም ገንዘቡም ያለው በእህሉ ገበያ ነው። ስንዴና ጤፍ በኩንታል ይገባል፣ በሚዛን ይወጣል፣ ደላላ ይጮኻል፣ አይሱዙ ይጫናል። የአክስቴ ገበያ ግን ከዚያ ጎን ሸራ ዘርግቶ የሚቀመጠው ነው። ዘንድሮ እንቁጣጣሽን ከእነሱ ጋር ለማሳለፍ ወርጄ ሳለሁ፣ አመሻሽ ላይ ሸራቸውን ሲያጥፉ ብረዳቸው፣ ቀና ብለው አዩኝና ድንገት ጠየቁኝ።

«አንተ የተማርከው ኢኮኖሚክስ ነው አይደል?»

«አዎ እትዬ።»

«እንግዲያው ይህን ልጅ አስላልኝ። በየሳምንቱ መዳፍ የምታህል ሥዕል ይሥላል። በስልኩ ፎቶ ያነሣትና ይለቃታል። ዓለም አያት ይለኛል። እሺ፣ ዓለም አይቶ ስንት ከፈለ?»

«ይህ ልጅ» የመጨረሻ ልጃቸው ነው። 24 ዓመቱ ነው፣ እዚያው ከተማ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ከመስቀል በኋላ አዳማ ሄዶ ከአጎቱ ጋር ሞባይል ጥገና እንዲሠራ ቦታ ተገኝቶለታል። ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ ነው። ሄደ ማለት ሥዕሉ ቆመ ማለት ነው ብሎ እሱ ያመነታል፤ እናት ደግሞ ማመንታቱ አናደዳቸው። የቤተሰቡ ክርክር መፍትሔ አጥቶ እኔን ጠብቆ ነበር ማለት ይቻላል።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። ወጣቶቹ «ቻሌንጅ» የሚሉት እንዲህ ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን በሳምንት አንድ ቃል ያወጣል። ዝናብ፣ ወንበር፣ ወንዝ፣ የመሳሰለውን። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ፣ የትም አገር ይኑር የት፣ ቃሉን በራሱ መንገድ ሥሎ በኢንተርኔት ይለቃል። አብዛኛውን ጊዜ መመዝገቢያ የለም፣ ዳኛ የለም፣ ሽልማትም የለም። ሥዕሉ ትንሽ የሚሆነው በሳምንት ውስጥ ማለቅ ስላለበት ነው፤ ቀን ሥራ ያለው ሰው ሸራ ወጥሮ የዘይት ቀለም ሊያደርቅ አይችልም። «ኢለስትሬሽን ፍራይደይ» የተባለው አርብ አርብ ቃል በማውጣት ታውቋል። ከሁሉ በላይ ስም ያገኘው ግን «ኢንክቶበር» ነው። ጄክ ፓርከር የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2009 በቀለምና በብዕር መሣልን ለማሻሻል ብሎ የኦክቶበርን ወር በሙሉ በየቀኑ አንድ ሥዕል ለመሥራት ለራሱ ቃል ገባ። ነገሩ በጥቂት ዓመታት ከአገር አገር ተዛመተ። በወር 31 ሥዕል ለሚከብደው ደግሞ በዓመት 52 ሳምንት 52 ሥዕል የሚል ሳምንታዊ መልክ ወጣለት። የአክስቴ ልጅ የያዘው ይህን የሳምንቱን ነው።

ለመሆኑ ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነውን? አይመስለኝም። የእንቁጣጣሽን ሥዕል ያልሠራ ወንድ ልጅ በእኔ ዘመን ብዙ አልነበረም። ሴቶቹ አበባዮሽ እያሉ ሲዞሩ ወንዶቹ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ ወይም ወፍ ሥለው በየቤቱ ያድሉ ነበር። ወረቀቱ ትንሽ ነው፣ ርዕሱ የታወቀ ነው፣ ማስረከቢያው ቀን አይዘዋወርም፤ ቀኑ ካለፈ ሥዕሉ ዋጋ የለውም። ዋጋውን የሚወስነው ተቀባዩ ነው። ሻጩ አይከራከርም፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ይቆማል። ከሀብታም ቤት የብር ኖት፣ ከጎረቤት ሳንቲም ወይም ዳቦ ይገኛል። ሳንመረቅ የተማርነው የገበያ ትምህርት ነበር።

ያ ገበያ የገጠመው ነገር አሁን ለምናነሣው ጉዳይ ይጠቅማል። ልጆቹ ራሳቸው መሣል ትተው በማተሚያ ቤት የታተመውን፣ ወይም አንዱን ሥዕል በፎቶ ኮፒ ያባዙትን ማደል ጀመሩ። በኢኮኖሚክስ ዓይን ሲታይ የሚያስወቅስ አይደለም። አንድ ሥዕል አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ አንድ ኮፒ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ሰጪው ደግሞ ለሁለቱም እኩል ይሰጣል። ታዲያ ማን ይሥላል? ትንሽ ቆይቶ ግን ሰጪው ነቃ። «ይህ እኮ የታተመ ነው» እያለ እጁን ሰበሰበ። የአክስቴ ልጅ በዋዜማው ቀኑን ሙሉ ለሰፈሩ ልጆች የእንቁጣጣሽ ሥዕል ሲያባዛ ዋለ። ማታ ቤት ገብቶ ደግሞ የሳምንቱን ቃል በእስክሪብቶ ሣለ። ይህ አይጋጭብህም ወይ ብለው «የቀኑ እንጀራዬ ነው» አለኝ።

ሂሳቡን ጀመርን። አንዲት ሥዕል ከሐሳቧ እስከ መጨረሻው ሦስት ሰዓት ያህል ትወስድበታለች። በ52 ሳምንት 156 ሰዓት ነው፤ በቀን ስምንት ሰዓት ቢታሰብ ወደ 20 የሥራ ቀን ይጠጋል። ወጪው የሥዕል ደብተር፣ ጥቁር እስክሪብቶና የኢንተርኔት ፓኬጅ ነው። ገቢው እስካሁን ዜሮ ነው። አክስቴ ይህንን ሲሰሙ በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። የእሳቸው ማብራሪያ ከእኔ ይበልጥ ግልጽ ነበር።

«ደንበኛ ሲገዛኝ አንድ ሁለት ሽንኩርት እመርቅለታለሁ። ነገ ተመልሶ እንዲመጣ ነው። ይህ ልጅ ግን ሸቀጡን ሳይሸጥ ምራቂውን ያድላል።»

ሆኖም የጉሊቱን ንጽጽር ገፋ አድርገን ብንሄድ ሌላም ነገር ይታያል። ገበያ ቀን ለምን ተፈጠረ? ገዢና ሻጭ በየቀኑ ሲፈላለጉ እንዳይውሉ ነው። ቀኑ አስቀድሞ ከታወቀ ገዢው ሌላ ሥራውን ሠርቶ፣ ሻጩም ዕቃውን አዘጋጅቶ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ የፍለጋው ወጪ ይቀንሳል። የሳምንቱ ቻሌንጅም ይኸው ነው። አርቦዬ ላይ ያለ ስም የለሽ ወጣት የሣለውን ማንም ፈልጎ ሊያገኘው አይችልም። የሳምንቱን ቃል ከያዘ ግን ያንን ቃል የሚያዩ ሰዎች ሁሉ ከዘረጉት ሸራ ፊት ያልፋሉ። መግዛታቸው ሌላ ነገር ነው፤ ማለፋቸው ግን በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ማለፉን ወደ ገንዘብ የለወጠ ሰው ደግሞ አለ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖረው ሠዓሊ ዱዌን ካይዘር እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ በቀን አንድ የፖስት ካርድ ስፋት ያላት ሥዕል መሥራት ጀመረ። የተቆረጠ ሎሚ፣ ግማሽ ዳቦ፣ በእጁ ያገኘውን ሁሉ ይሥል ነበር። መጀመሪያ በ100 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ በኋላ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ጨረታ ላይ አወጣቸው። ሰውየው የተማረ ሠዓሊ ነው፣ ትላልቅም ሥዕል አለው። ገበያውን የፈጠረለት ግን ትንሿ ሥዕልና መደጋገሙ ነው። ገዢው ዛሬ ቢያመልጠው ነገ ሌላ እንዳለ ያውቃል፤ ስለዚህ በየቀኑ ይመለሳል። የአክስቴ ምራቂ የምትሠራውን ሥራ ለካይዘር የሠራችለት የቀኗ ሥዕል ነች።

በመጠን ትንሽ የሆነውን ሥዕል ለገበያ ማቅረብ ሁልጊዜ ያለ ክርክር አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1997 ስቲርነማን የተባለ የዙሪክ ሠዓሊ የመጫወቻ ካርታ የሚያህሉ የሥዕል ካርዶችን ሐሳብ አመጣ። ስፋታቸው 6.4 በ8.9 ሴንቲ ሜትር ነው። ደንቡ መለዋወጥ እንጂ መሸጥ አይደለም የሚል ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የኢቤይ ሻጮች ያንኑ መጠን በሌላ ስም ጠርተው መቸርቸር ጀመሩ። ኢንክቶበርም ቢሆን ስሙ የንግድ ምልክት ሆኖ መመዝገቡ በታወቀ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መገባደጃ፣ በሠዓሊዎች መካከል ትልቅ ቁጣ አስነሥቷል። የገበያ ቀን ባለቤት አለው ወይ የሚል ጥያቄ ነው በመሠረቱ። አርቦዬ ላይ «ገበያው የእኔ ነው» የሚል ቢመጣ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

ይበልጥ የወደድኩት ግን የእንግሊዙን ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ጋለሪዎችን ባዘጋበት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ማቲው በሮውዝ የተባለ ሠዓሊ አንድ ውል አወጣ። ማንኛውም ሠዓሊ ሥራውን ከ200 ፓውንድ በማይበልጥ ዋጋ በኢንተርኔት ያቅርብ፤ ሽያጩ 1,000 ፓውንድ በደረሰ ቁጥር ግን 200 ፓውንዱን አውጥቶ የሌላ ሠዓሊ ሥራ ይግዛ። የዋጋው ጣሪያ ሠዓሊዎቹን ወደ ትንንሽ ሥዕል ገፋቸው። አንባቢ እቁብን አስታውሶ ይሆናል፤ እኔንም አስታውሶኛል። ልዩነቱ ዕጣ አለመኖሩና ዳኛው የሰውየው ሕሊና መሆኑ ነው።

የተሸካሚው ዋጋ

ወደ አርቦዬ እንመለስ። ገቢው ዜሮ ነው ብያለሁ፤ ጠያቂ ግን ጠፍቶ አይደለም። «ፈረስ» የሚል ቃል በወጣ ሳምንት የአርሲን ፈረስ ከነኮርቻው ሥሎ ለቀቀ። አንዲት ውጭ አገር የምትኖር ሴት ጽፋ ሥዕሉን በ25 ዶላር ልግዛው አለችው። 25 ዶላር ምን ማለት እንደሆነ እንይ። መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት፣ ማለትም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ያለ ስለነበር ገንዘቡ ከ1,430 ብር ብዙም አይበልጥም ነበር። ለውጡ አንድ ዓመት ሲሞላው ዶላሩ 130 ብር አልፎ ነበር፤ ሥዕሏም እንዲሁ ከ3,250 ብር አለፈች። ብር በመውደቁ የተጎዳ ብዙ ነው፤ አክስቴም ሸቀጥ በተወደደ ቁጥር መደባቸውን ያሳንሳሉ። ትንሽ ሥዕል ላኪ ግን በወረቀት ላይ ተጠቃሚ ነው።

በወረቀት ላይ አልኩ። ገንዘቡ አልመጣም። ሴትየዋ የለመደችው የኢንተርኔት ክፍያ እዚህ ላለ ሰው መቀበያ አልሆነም። በባንክ ልላክ ስትል የማስተላለፊያውን ክፍያ ጠየቀች፤ ከሥዕሉ ዋጋ ጋር የሚፎካከር ሆኖ አገኘችው። ይቅርታ ጠይቃ ተወችው። እሱም ይቅርታዋን ተቀብሎ ሥዕሉን ደብተሩ ውስጥ መልሶ ከተታት። እዚያው ደብተር ውስጥ አየኋት፤ ፈረሱ አንድ ጆሮውን ወደ ኋላ አድርጓል፣ ሊነሣ ነው።

ነገሩ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የቋሚ ወጪ ችግር ነው። ተሸካሚ ለኩንታልም ለአንድ ኪሎም እኩል ቢያስከፍል ኩንታሉ ይጫናል፣ ኪሎው ግን ገበያ አይወጣም። በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጥ ትልቅ ሸራ የባንክን ክፍያ አይሰማውም። የ25 ዶላር ሥዕል ግን በእሱ ይሞታል። ትንሽ ነገር በርቀት የሚሸጠው ተሸካሚው ርካሽ ሲሆን ብቻ ነው። ዕቃውን ማድረሱ እንኳ የሚያስቸግር አልነበረም፤ ሥዕሏ በአንድ ኤንቨሎፕ ትገባለች። የፖስታ ሥራ በአገራችን በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ተጀምሮ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነናል። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን ፓሪስ ላይ የታተሙ፣ የምኒልክና የአንበሳ ምስል ያለባቸው ትንንሽ ሥዕሎች ነበሩ። ትንሽ ሥዕል ከዚህ አገር ተነሥቶ ባሕር ከተሻገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ባሕሩን መሻገር ያቃተው የመልሱ ገንዘብ ነው።

በአገር ውስጥ ይህ ተሸካሚ ረክሷል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ አዲስ አበባ ያለ ሰው አርቦዬ ላለ ሰው ትንሽ ገንዘብ በስልክ መላክ አያዳግተውም። አክስቴ ራሳቸው ደንበኛ ሲያስገባላቸው የስልካቸውን መልእክት አይተው ነው ሽንኩርቱን የሚሰጡት። የልጁ ችግር ተመልካቹ ያለው በአንድ ወገን፣ መክፈል የሚችልበት መንገድ ያለው በሌላ ወገን መሆኑ ነው።

ገበያው ራሱ ሳይታሰብ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። ከየካቲት 2 እስከ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ነበር። ቢቆጠር 22 ሳምንት ያልፋል፤ ለሳምንታዊ ነጋዴ 22 የገበያ ቀን ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ የጀመረው ከዚያ በፊት ነበርና ምን አደረግህ አልኩት። እገዳውን የሚያልፍ ቪፒኤን ስልኩ ላይ ጭኖ አንዳንዱን ለቀቀ፣ የቀረውን ዝም ብሎ ሣለ። «ቃሉን አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደውሎ ይነግረኝ ነበር» አለኝ። ገበያ ተዘግቶ ዕቃ የሚያዘጋጅ ነጋዴ በትምህርቴ አላጋጠመኝም።

መስፋት

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ የማየው አንድ መንገድ ከራሳችን ሠዓሊዎች የተወሰደ ነው። በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ቤት የገባ ሰው የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርከውን ሥዕል ሳያይ አይወጣም። አንድ ሸራ ወይም ብራና በትንንሽ ሣጥን ተከፍሎ፣ ብዙ ጊዜ 44 በሚደርሱ ምስሎች፣ ከዘንዶው ጀምሮ እስከ ምኒልክ ልደትና ከዚያም በኋላ ያለውን ይነግራል። እያንዳንዷ ሣጥን ብቻዋን መዳፍ የምታህል ሥዕል ነች። ብቻዋን ብትሸጥ ሳንቲም ነው የምታወጣው። አንድ ላይ ስትሰፋ ግን ቱሪስቱ ጠቅልሎ የሚወስደው ውድ ዕቃ ትሆናለች። ሠዓሊዎቹ ቋሚ ወጪ የሚባል ቃል ሳይሰሙ መልሱን አግኝተውታል።

52ቱ ሥዕል እንዲሁ ቢሰፋ በዓመት አንድ መጽሐፍ፣ ወይም አንድ የቀን መቁጠሪያ ይወጣዋል። የእኛ ዓመት ደግሞ ለቀን መቁጠሪያ ይመቻል፤ 13 ወር አለ፣ ጳጉሜን ላይ ሠዓሊው የፈለገውን ይሠራበታል። ገዢው ውጭ አገር ያለ የአርሲ ልጅ ቢሆን ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ፖስታውም አንድ ነው። አዳማም አሰላም ላለ ገዢ በቴሌብር ይሸጣል። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ ሰው ማተሚያ ቤቶችን ያውቃል፤ ይህ ብዙ ሠዓሊ የሌለው ጥቅም ነው። ሥዕሉ የራሱ ስለመሆኑም ሕግ አለ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ሥራው እንደተሠራ መብቱን ለሠሪው ይሰጣል፣ ሳይመዘገብም ቢሆን። መብትን ከአርቦዬ ሆኖ ማስከበር ሌላ ታሪክ መሆኑን አልክድም።

የማልደብቀው ፍርሃትም አለኝ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ቃል ሲነገረው ሥዕል የሚያወጣ ኮምፒውተር በማንም ስልክ ውስጥ ገብቷል። የሳምንቱ ቃል «ፈረስ» ቢሆን በደቂቃ ውስጥ መቶ ፈረስ ያወጣል። የእንቁጣጣሹ ፎቶ ኮፒ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፣ በብዙ እጥፍ ከብዶ። ያኔ ሰጪው የታተመውን ከእጅ ሥራው ለመለየት ጊዜ እንደወሰደበት ሁሉ አሁንም ይወስድበታል። እስከዚያ ድረስ ማን እየተከፈለው ይቆያል? የልጁ መከላከያ ኮምፒውተሩ ያላየውን መሣል ነው። «ዱላ» የሚል ቃል በወጣ ጊዜ ሌላው ምርኩዝና የቤዝቦል ዱላ ሲሥል እሱ የአርሲ ሴቶች በእጃቸው የሚይዟትን ሲንቄ ሣለ። ብዙ ሰው ምን እንደሆነች ጠየቀው፤ መልሱን ሲጽፍ አመሸ። ያ ጥያቄ ገንዘብ አይደለም፤ ግን ሸራው ፊት የቆመ ሰው ነው።

ማታ ቡና ሲፈላ ውጤቱን ለአክስቴ አቀረብኩ። አዳማ ይሂድ አልኩ፤ ምክንያቱም 156 ሰዓቱ ዛሬ የሚከፍለው የለም፣ የሞባይል ጥገና ግን ይከፍላል። ሥዕሉንም አይተው አልኩ፤ በሳምንት ሦስት ሰዓት እሑድ ላይ ይገኛል፤ አጎቱ እሑድን እንዲለቁለት አስቀድመው ይነጋገሩ። እስከ መጪው እንቁጣጣሽ 52 ካደረሰ ይሰፋል፣ ይታተማል፤ የኅትመቱን ግማሽ እኔ አበድራለሁ። ልጁ አጎቱ እሑድንም ሱቅ እንደሚከፍቱ ነገረን። ይህን አላውቅም ነበር፤ ሂሳቤ እዚያ ላይ ተሰነጠቀ። አክስቴ ሁለተኛውን ሲኒ እየቀዱ «ወንድሜን እኔ አነጋግረዋለሁ» አሉ፤ እሺታ ይሁን ዝምታ አላወቅነውም።

ከዚያ የዚያን ሳምንት ሥዕል አሳዩኝ አሉት። ቃሉ «እጅ» ነበር። የሣለው የእናቱን እጅ ነው፣ ሽንኩርት በመደብ ሲደረድሩ። አክስቴ ወረቀቷን ወደ መብራቱ አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«አምስት ብቻ አደረግኸው?» አሉ። «እኔ በአምስት ሽጬ አላውቅም። አንድ ጨምርበት።»